የካትሌሆንጉ ጾሜ

ባለፈው እሑድ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር አንድ ወዳጃችን ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። የቤቱ እመቤት እንደ ወጉ ለሁለተኛ ዙር ድስቱን ይዛ ተነሣች። ጭልፋው እኛ ጋ ሲደርስ ሃያ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ ሳህኗን በእጇ ከለል አደረገችና፣ "ኖ አንቲ፣ በቃኝ፤ ኪሎ እየቀነስኩ ነው" አለቻት። ሴትዮዋ ሳቅ ብላ "ጎበዝ" አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። በቃ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። የተቀየመ የለም፣ "ምን ሆነሽ ነው?" ያለ የለም፣ እጇን ጭኖ ሊጸልይላት የተነሣም የለም። እኔ ግን ጉርሻዬን በእጄ እንደያዝኩ ልጄን እያየሁ ቀረሁ።

ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር እኔ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ አፌ ላይ አጥቻት ነበር። እሷን በማጣቴ ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ የተናገርኩት ነገር ደግሞ አንዲት የአምስት ወር ሕፃን ሊጎዳ ደረሰ። ታሪኩን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ከዚያ ምሳ ከተመለስኩ ጀምሮ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ፤ ስለዚህ ልጻፈው።

ያኔ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ባለችው ካትሌሆንግ ውስጥ ከኤርሚያስ ጋር ስፓዛ ነበረን። ኤርሚያስ እንደ እኔ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ መንገዱንም አብረን ነው የመጣነው። ስፓዛ ማለት በአንድ የአገሬው ሰው ግቢ ውስጥ ተከራይተህ የምትነግድባት፣ ከፊቷ የብረት ፍርግርግ ያላት ትንሽ ሱቅ ናት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ትከፈታለች፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ትዘጋለች፤ ከዚያም ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሽ ዘርግተህ እዚያው ትተኛለህ። ከፍራሼ እስከ ፍርግርጉ ስድስት እርምጃ ነበር። አንዳንድ ቀን ከዚያች ስድስት እርምጃ ሌላ እግሬ የሚያውቀው መሬት አልነበረም። ውጭ መውጣቱም እንደ ልብ አይደለም፤ ሱቁን ማን ይጠብቃል? መንገዱንስ ማን አመነው?

ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ደግሞ ይበላል። ማለዳ የዳቦ መኪናው ሲመጣ የትኩሱ ዳቦ ሽታ ሱቁን ይሞላዋል፤ አንዱን ከመሃሉ ገምሼ ማርጋሪን እቀባለሁ። ረፋዱ ላይ ጎረቤታችን ማግዊኛ ትጠብሳለች። ማግዊኛ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ ዘይት የጠገበ የሊጥ ጥብስ ነው፤ በአንዱ የሚያቆም ሰው አላየሁም። ምሳ ላይ ሩብ ዳቦ ተቦርቡሮ ድንችና ፖሎኒ የሚሉት ቋሊማ የሚጠቀጠቅበት ኮታ አለ። በየመሃሉ ቀዝቃዛ ለስላሳ፣ ሲደብር ብስኩት። በአምስት ዓመት ውስጥ ከስልሳ ስምንት ኪሎ ተነሥቼ መቶ ዐሥራ አንድ ገባሁ። የሰፈሩ ልጆች በዙሉኛ "ሲዱድላ" ይሉኝ ጀመር፤ ዱብዬው እንደማለት ነው። እኔም ስሙን ወደድኩት። እናቴማ የላክሁላትን ፎቶ ሳሎን ሰቅላ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ልጄን እዩት፣ አገሩ ተመችቶታል" ትል ነበር። የእኔ ቦርጭ ለእሷ የተስፋይቱ ምድር ማስረጃ ነበር።

አንድ ቀን የስኳር ጆንያ ሳነሣ አፍንጫዬን ነሰረኝ፤ አልቆም አለ። ኤርሚያስ ሱቁን ዘግቶ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግፊቴን ሁለቴ ለካና ወላጆቼ በሕይወት እንዳሉ ጠየቀኝ። አባቴን በአርባ ሦስት ዓመቱ ግፊት እንደጣለው ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና አሁን ኪሎዬን ካልቀነስኩ በአባቴ መንገድ እየሄድኩ መሆኔን ነገረኝ፤ ብላ፣ ግን እንዲህ እንዲህ ያለውን ብላ፣ በየቀኑም በእግርህ ሂድ አለኝ። የአባቴን አወዳደቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከእርሻ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ነው የወደቀው። ያን ቀን ወደ ሱቅ ስመለስ በእውነት ፈርቼ ነበር።

ስለዚህ ጀመርኩ። ጠዋት ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀን የተቀቀለ ጎመን፣ ማታ ጎመንና አንድ ፖም። ኤርሚያስ ሳቀብኝ፤ ሱቅ ሙሉ ምግብ ይዞ ጎመን የሚቀቅል ሰው አላየሁም አለ። እኔም ጎመን በጤና አልኩት። ከባዱ ነገር ትዕግሥት ሳይሆን ሥራው ነበር። ሲርበኝ እጄ ላይ ያለው ዳቦ ነው፣ ስደክም የምመዝነው ስኳር ነው፣ ደንበኛ ለልጇ ብስኩት ስትገዛ መልሼ የማስቀምጠው ራሱ ብስኩቱ ነው። ወይን ቤት ተቀጥሮ መጠጥ እንደተወ ሰው ማለት ነኝ። ቢሆንም አንድ ሳምንት ቻልኩት፤ ሁለተኛውንም ቻልኩት። በእግር መሄዱን ግን ከየት አምጥቼው? ጊዜም የለ፣ ሱቁን የሚይዝም የለ።

እሑድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ፕሮቴስታንቶች ነን፤ ከአምልኮ በኋላ እትዬ አበበች ቤት ተሰብስበን እንበላለን። እትዬ አበበች ለሁላችንም እናት ነበሩ። ከሆሳዕና በመጣ ቡላ አተካና ይሠራሉ፤ ቅቤው ከላይ ቢጫ ኩሬ ሠርቶ፣ አይቡ ከመሃሉ ተኝቶ። ያን አልበላም ማለት "ቤትሽ አይመቸኝም" ማለት ነው። የመጀመሪያው እሑድ ሆዴን አሞኛል አልኩ፤ ሦስት ሰው ተነሥቶ እጁን ሆዴ ላይ ጭኖ ጸለየ፣ ከጸሎቱም በኋላ ተፈውሰሃል ብላ ተባልኩ። በላሁ። ሁለተኛው እሑድ አርፍጄ ሄድኩ፤ ድርሻዬ ተሸፍኖ ጠበቀኝ። ኪሎ ልቀንስ ነው እንዳልል፣ እዚያ ቤት ከነበርነው ግማሾቻችን በየብስ ድንበር እያቋረጥን የመጣን፣ በየጫካው የተራብን ሰዎች ነን። ጠግቦ መክሳት የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? ታምሜያለሁ እንዳልልም፣ በዚያ ዘመን የከሳ ሰው በሽታው በሹክሹክታ ይሰየምለት ነበር፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እናቴ ጆሮ ይደርሳል።

ሦስተኛው እሑድ እትዬ አበበች ሳህኑን ፊቴ ሲያስቀምጡት ከአፌ አመለጠኝ፤

"ጾም ላይ ነኝ እትዬ።"

ሳህኑ ሳይንኮሻኮሽ ተነሣ። አንድ ሰው እንኳ እስከ መቼ፣ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። የእኛ ጾም የቀን መቁጠሪያ የለውም፤ ሰው በልቡ ይይዘዋል፣ በልቡ ይፈታዋል። ለጉዳይ የያዘውን ሰው መመርመር ነውር ነው። ስለዚህ ማንም ሊያጣራው የማይችል ሰበብ በእጄ ገባ። ያን ቀን አንተ ብልሃት እስከዛሬ የት ነበርክ ብዬ በራሴ ተገርሜ ነበር። ወደ ታክሲው ስሄድ ከካፖርቴ ኪስ ፖሜን አውጥቼ አንድ ግድግዳ ጥግ ቆሜ በላሁ፤ ጣፈጠኝም።

ገና ሳልጨርሰው ታደለች ደረሰችብኝ። ፖሙን ኪሴ ከተትኩ።

ታደለች የደሳለኝ ሚስት ናት። ያኔ ሃያ አራት ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ደሳለኝ ከእኛ ሰፈር የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ሱቅ ነበረው። አባቱ ሲሞቱ አገር ቤት ለቅሶ ሄደ፤ ወረቀቱ የጥገኝነት ስለሆነ በአውሮፕላን መመለስ አልቻለም። በየብስ ሲመለስ ማላዊ ላይ ተያዘና እስር ቤት ገባ። ሲሄድ ታደለች እርጉዝ ነበረች፤ ልጃቸውን ሜሮንን በዓይኑ አላያትም። ሱቁን የአጎቱ ልጅ ይዞታል፣ እሷ ሕፃኗን ታቅፋ ከኋላው ክፍል ትኖራለች። ቋንቋው ገና አልገባትም። ከቤተ ክርስቲያን ሰው በቀር የምታናግረውም አልነበራት።

"ወንድም ማርቆስ፣" አለችኝ ዓይኔን ሳታይ፣ "ይቅርታ አድርግልኝ። ያንን ጾምህን ለደሳለኝም አድርግልኝ።"

"እሺ" አልኩ።

ሌላ ምን እላለሁ? ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ልላት የምችላቸው ብዙ ነገሮች ይመጡልኛል። ያኔ የመጣልኝ "እሺ" ብቻ ነው። እሷ ዓይኖቿ ሞሉ፣ እጄን ይዛ ሳመችውና ልጇን አዝላ ሄደች። እኔም ሌሊቱን ለደሳለኝ አጥብቄ እጸልያለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጀመርኩ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ውሸት ግን እያደር ክብር አመጣልኝ። እሑድ እሑድ ጸሎት ክፈትልን ይሉኝ ጀመር። ሽማግሌዎቹ ወንበር ይለቁልኛል። ሰውነቴ እየቀለለ ሲሄድ ደግሞ የበለጠ አመኑኝ፤ ለቀበቶዬ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ስበሳለት፣ ኮሌታዬ ሲሰፋ፣ ሁሉም ያያል። እትዬ አበበች በሐዘኔታ ያዩኝና "የዚህን ልጅ ጉዳይ እግዚአብሔር ይስማው" ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ እኔ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ታደለችም እየከሳች መሄዷን አይቻለሁ። ፊቷ ጠቁሮ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ አልያዝ ሲል አይቻለሁ። የባሏ ሐሳብ ነው አልኩና አለፍኩት።

ጾም ላይ ነኝ ካልኩ በስድስተኛው ሳምንት ብርዱ ጠነከረ። የጆሃንስበርግ ብርድ ደረቅ ነው፤ ሣሩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል፣ ማለዳ ካትሌሆንግ በከሰል ጭስ ትታፈናለች፣ የቧንቧው ውኃ ጣት ያደነዝዛል። የቀጠሮዬ ቀን ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ብርድ ልብስ የተከናነቡ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ተደርድረዋል። ነርሷ ትልቅ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች፤ ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚላት። ሚዛኑ ላይ አቆመችኝ። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሻለሁ። ግፊቴም ወርዷል። ሲስተር አጨበጨበችልኝ፤ ሌላዋን ነርስ ጠርታ ይህን ማይ ፍሬንድ እዪው፣ ሱቅ ውስጥ እየዋለ ቀነሰ አለቻት። እዚህ ሰፈር እኛን ባለሱቆቹን ሁሉ ማይ ፍሬንድ ነው የሚሉን። ደረቴን ነፍቼ ካርዴን ተቀበልኩ።

ልወጣ ስል መልሳ ጠራችኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ቋንቋችን ያልገባት እናት አለች፣ ያገርህ ሰው ትመስላለች፣ አስተርጉምልኝ አለች። ገባሁ። ታደለች ነበረች። ሜሮን የሕፃናት ሚዛን ላይ ተጋድማ ታለቅሳለች፤ ጉልበት የሌለው ለቅሶ ነው።

ሲስተር የሕፃኗን ካርድ አሳየችኝ። በየወሩ ወደ ላይ ሲወጣ የነበረው መስመር ታጥፎ ወደ ታች ወርዷል። ቤት ውስጥ ምግብ አለ ወይ ብለህ ጠይቃት አለችኝ። ጠየቅኳት፤ አለ አለች። ታዲያ ትበላለች ወይ? ውኃ ትጠጣለች ወይ? አለችኝ። ይህንንም ጠየቅኳት።

ታደለች ሲስተር አማርኛ የምትሰማ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንተ እያወቅህ ምን ትጠይቀኛለህ? ካንተ ጋር ይዤዋለሁ፤ እስከ ማታ ነው የምጾመው። ለእሷ ግን ይህን አትንገራት፣ የጾም ነገር አይወራም። ወተቴ ደረቀ ብቻ በላት።" ከዚያ ፊቷ ትንሽ በራ። "ሐሙስ ዕለት ደሳለኝ ዘበኛ ለምኖ ደወለልኝ። ወንድም ማርቆስ እየጾመልህ ነው አልኩት። አለቀሰ።"

ሲስተር ምን አለች እያለች ትጠብቃለች። እኔ ጭንቅላቴ ውስጥ መውጫ እየፈለግሁ ነበር። አገኘሁም። ቆጣ ብዬ፣ እንደ ሽማግሌ ሆኜ፣ የምታጠባ ሴት አትጾምም፣ እግዚአብሔርም ይህን አይፈልግም፣ ዛሬውኑ ፍቺ አልኳት። እሷ ትፈታለች፣ ልጇ ወተት ታገኛለች፣ የእኔም ስም ይተርፋል።

ታደለች ራሷን ነቀነቀች። "አንተ ለሰው ባል ስድስት ሳምንት እየከሳህ፣ እኔ ለራሴ ባል ልብላ?"

መውጫው ተዘጋ። ሜሮን ማልቀሷን ትታ ጣቷን መጥባት ጀመረች።

"ታደለች፣ እኔ አልጾምኩም" አልኩ። "ሐኪም ኪሎ ቀንስ ብሎኝ ነው የከሳሁት። እሱን መናገር አፍሬ ነው ጾም ያልኩት። በየቀኑ እበላለሁ።"

ልጇን ከሚዛኑ አነሣች። ካናቴራውን አለበሰቻት፣ ሹራቡን ደረበች፣ ቆቡን አሰረች። እያንዳንዱን ቁልፍ ስትቆልፍ አያታለሁ።

"በቀን ስንት ጊዜ ትበላለህ?" አለችኝ።

"ሦስት ጊዜ።"

"እኔ ውኃም አልጠጣሁም" አለች።

አልጮኸችብኝም፣ አልረገመችኝም። ያን ብቻ አለች። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤያለሁ፣ ሱቄ ፊት ተደብድቤያለሁ፤ እንደዚያች ቃል የቆረጠኝ የለም።

ሲስተር ክንዴን ያዘችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድም ሳላስቀር። የሚስቅ ፊቷ ጠፋ። እኔን አንዴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደች። የራሷን የምሳ ዕቃ አመጣች፤ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ቅጠላ ቅጠል ነው። ስኳር የበዛበት ሻይም አፈላች። ታደለች ፊት አስቀመጠችና ሳትጨርሺ ከዚህ ክፍል አትወጪም ብለህ ንገራት አለችኝ። ነገርኳት። ታደለች ዓይኗን ጨፍና ረጅም ጸሎት ጸለየች፣ ከዚያ መጀመሪያ ሻዩን አነሣች። እስክትበላ ሜሮንን እኔ ታቀፍኩ። ሕፃኗ የጃኬቴን ኮሌታ አፏ ከታ ትጠባ ነበር። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ።

በሩ ላይ ስንለያይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። "ለደሳለኝ እንዳትነግረው። ያለበት ቦታ ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም።"

ከማግስቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ወተት፣ እንቁላልና ዳቦ ይዤ ወደ እሷ ቤት መሄድ ጀመርኩ። ኤርሚያስ ዳቦ የሚራገፍበት ሰዓት ነው፣ ሥራው ለሁለት ሰው ነው፣ እብድ ነህ ወይ አለኝ። ምክንያቱን ግማሹን ነገርኩት፤ አጉረምርሞ ተሸከመልኝ። መንገዱ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ውርጭ የመታው ሣር እግሬ ሥር ይሰባበራል፣ ሠራተኞች ለታክሲ ተሰልፈው እጃቸውን እያሟሟቁ "ሳውቦና ሲዱድላ" ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል። መጀመሪያ አካባቢ ዐቀበቷ ላይ ሦስቴ አርፍ ነበር፤ በኋላ ሳላርፍ ወጣኋት። ሐኪሙ በየቀኑ በእግርህ ሂድ ሲለኝ ጊዜ ከየት ይምጣ ብዬ ነበር። ጊዜው ነበር ማለት ነው። ለራሴ ብዬ ግን አንድ ቀንም አልወጣሁም ነበር።

ታደለች ቶሎ ይቅር አላለችኝም፤ ደግሞም ልክ ነበረች። በሩን ከፈት አድርጋ ወተቱን ትቀበላለች፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ትላለች፣ ትዘጋለች። እንዲህ ስንባባል አንድ ወር አለፈ። የወተቷ ነገር ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ሲስተርም ለሕፃኗ ተጨማሪ ወተት ሰጠቻት። አንድ ቀን በሩ ላይ ሳይሆን ከውስጥ "ግባ" አለችኝ። የሜሮንን ካርድ አምጥታ አሳየችኝ። መስመሩ ወደ ላይ ታጥፏል። ካርዱን ከያዝኩበት ቀስ ብላ ወሰደችና ሻይ ቀዳችልኝ፣ ያለ ስኳር።

ለእትዬ አበበች ግፊት እንዳለብኝ በዚያው ሰሞን ነገርኳቸው። ነገሩ ቀላል ሆኖ ሲገኝ ያሳፍራል፤ "ታዲያ ይህን ማለት ምን ያቅትሃል፣ ቅቤውን እቀንስልህ ነበር እኮ" አሉኝ። ያ ሁሉ ጭንቀት በዚህች ያልቅ ነበር። የጾሙን ነገር ግን ሳልነካው አለፍኩ። ብናገር ወሬው ማላዊ ይደርሳል።

ደሳለኝ ከእስር ተፈትቶ የመጣው የጃካራንዳ ዛፍ አበባ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት ወር ነው። እሑድ ዕለት ከመድረኩ ሲቆም መጀመሪያ አላወቅሁትም። ልብሱ ብቻ የቆመ ይመስላል፤ እጁ የበቆሎ አገዳ አክሏል። እኔ ወራት የታገልኩለትን መክሳት እሱ ላይ ሳየው አንገቴን ደፋሁ። ምስክርነቱን ሰጠ። በአንድ ክፍል ውስጥ ተጣብቀው በጎናቸው እንደሚተኙ፣ የሚበላው በቀን አንዴ እንደሆነ፣ ተስፋ ቆርጦ መብላቱን ሊተው እንደነበር ተናገረ። "ከዚያ ሚስቴ ነገረችኝ፤ አንድ ወንድም ካትሌሆንግ ሆኖ እየጾመልኝ ነው። ለእኔ ሲል የሚራብ ሰው እያለ እኔ እንዴት እሞታለሁ አልኩ" አለ። ወርዶ መጥቶ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። ከትከሻው በላይ ታደለችን አየኋት። እሷ የልጇን ጫማ ታስር ነበር።

ዛሬ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ሱቃቸው ሰፊ ነው፣ ሜሮንም ትልቅ ሰው ሆናለች። ደሳለኝ እንኳን ሊከሳ፣ የእኔን የድሮውን ቦርጭ የወረሰ ይመስላል። ሠርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ላይ ስንገናኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቡ ላለው ሰው ሁሉ፣ "ለእኔ ስድስት ሳምንት የጾመ ሰው ነው" ብሎ ያስተዋውቀኛል። እኔ ተው እባክህ እለዋለሁ። እሱ ትሕትና ይመስለዋል፤ ባፈርኩ ቁጥር የበለጠ ያከብረኛል። ታደለችም አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላጋለጠችኝም፤ ስለ ራሷም አንድ ቃል አልተናገረችም። የጾም ነገር አይወራም ብላ የለ።

መጀመሪያ ዝም ያልኩት እሷ ስላለችኝ ነው። እሱ ከመጣ በኋላ ያለው ዝምታ ግን የራሴ ነው፤ ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። የማይገባኝን ምስጋና መቀበል ለመድኩ። ሰው ለዳቦና ለለስላሳ ብቻ ሳይሆን ለምስጋናም ሆዱ አይሞላም። ይህን ከመጻፌ በፊት ታደለች ዘንድ ደወልኩ፤ ልናገር ነው አልኳት። "ዘገየህ" አለችኝ፤ "ግን ጻፍ።"

ደሳለኝ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ካገኘ ሳያነብ አያልፍም፤ ይህም እጁ ይገባል።

ደሳለኝ ወንድሜ፣ እኔ ለአንተ አንድ ቀንም አልጾምኩም። ልጅህን እያጠባች፣ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ የጾመችልህ ሚስትህ ናት።